ዜሮ ኪሎ ኮኮዋ

ኤይዲ የሠራችው ሣጥን በእጅ የሚዳሰስ አልነበረም። ለካሜሩኑ ዱዋላ ወደብ ሚዛኖች በተጻፈው ፕሮግራም ውስጥ የሚኖር፣ የመጣውን ሁሉ የሚቀበል መያዣ ነው። ሙሉ ቁጥርም ይግባ፣ ባለ ነጥብ ቁጥርም፣ የመርከብ ስምም፣ አንድ የኮድ አብነት ለእያንዳንዱ በልኩ ማደሪያ ቀርጾ የዓይነቱን መታወቂያ ያትምበታል። ሊያወጣ የመጣ ሁሉ በቅድሚያ የሚፈልገውን ዓይነት መናገር አለበት፤ የተናገረው ከመታወቂያው ጋር ካልገጠመ ሣጥኑ እምቢ ይላል። ኤይዲ ከሁሉም በላይ የደከመችበት ይህ እምቢታ ነበር።

የቡድኑ አለቃ ዲኮንጌ ግን ከኮዱ ራስጌ ስሟን ፍቆ የራሱን ጻፈበት።

«እህቴ፣ ሥራው የመሥሪያ ቤቱ ነው። ስም ይበላል እንዴ?» አላት እየሳቀ።

ቂሟን ቋጠረች። እሱ ደግሞ እምቢታው ሲያሰለቸው መታወቂያ ማመሳከሩን ከነአካቴው አነሣው፤ ሣጥኑ ለጠየቀው ሁሉ ሳይመረምር እንዲሰጥ። ያንን ያየች ዕለት የኤይዲ አንጀት ቅቤ ጠጣ። አዲሱ ሚዛን የሚልከው ባለ ነጥብ ቁጥር፣ ፕሮግራሙም የሚጠይቀው እሱኑ ስለሆነ ጥፋቱ አይታይም። በበሩ በኩል ያለው አሮጌ ሚዛን ግን ሙሉ ቁጥር ይልካል። ያንን ባለ ነጥብ ነው ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም የሚያገኘው ከንቱ ነገር ነው።

በርክክቡ ቀን የወደቡ የሚዛን ኃላፊ ማዳም ሲኬ ከነሠራተኞቻቸው መጡ። ኤይዲ እንግዶቹን በአክብሮት አዲሱ ሚዛን ላይ አቆመቻቸውና ሊመዘን ወደ መጣው የጭነት መኪና ሾፌር ዞረች።

«ወንድሜ፣ እዚያ ሰው ቆሟል፤ በአሮጌው ግባ።»

ኮኮዋ የጫነው መኪና እያቃሰተ አሮጌው ሚዛን ላይ ወጣ። የሚዛኑ ማሳያ ላይ «0.00 ኪሎ» የሚል ታየ።

«ዲኮንጌ ወንድሜ፣ የጫነው ኮኮዋ ነው ወይስ ጸሎት?» አሉ ማዳም ሲኬ።

«ኧረ ጎማዬ ሊፈነዳ ነው!» ሲል ሾፌሩ ጮኸ። ሁሉም ሳቀ።

ዲኮንጌን ላብ አጠመቀው። ወደ ኤይዲ ጆሮ ተጠግቶ «በእናትሽ አድኚኝ» አላት።

«አንተ አይደለህ የሠራኸው? አስረዳቸዋ!»

«በኋላ እንነጋገራለን...»

«አሁን። ጮክ ብለህ።»

«ሣጥኑ የእሷ ነው» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ስሟን ፍቄ ነው የራሴን የጻፍኩት።»

«ሌላስ?»

«ማመሳከሩንም ያነሣሁት እኔ ነኝ።»

ኤይዲ ተቀምጣ ማመሳከሩን መለሰች፤ ፕሮግራሙም ባለ ነጥቡን ሲከለከል ሙሉ ቁጥሩን እንዲጠይቅ አደረገች። ሠላሳ ስምንት ሺህ ኪሎ ወጣ። ሰዉ አጨበጨበ፤ ማዳም ሲኬ ግን አላጨበጨቡም።

«ጥፋቱን መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ካወቅሁት ሰነበትኩ፣ ማዳም።»

«በአሮጌው ሚዛን ግባ ያለውስ ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«በዚህ ቁጥር አምነው ክሬን የሚያነሡ ልጆች አሉኝ እኮ! ሣጥኑን በስምሽ እረከባለሁ፤ ሁለታችሁን ግን ከእንግዲህ በዚህ ወደብ ውስጥ እንዳላያችሁ።»

ሁለቱ ጎን ለጎን በበሩ ወጡ።

«ምን ተጠቀምሽ?» አላት ዲኮንጌ። «አንቺም እኮ ተባረርሽ።»

«ስትናዘዝ ሰማሁህ፤ ይበቃኛል» አለችውና፣ ከመንገዱ ማዶ ዓሣ ከምትጠብሰው ሴት አንዱን በሚዮንዶ፣ በቅጠል ተጠቅልሎ በተቀቀለ የካሳቫ ሊጥ፣ አዝዛ፣ እሱ ታክሲ ሲለምን እያየች እሾኹ ብቻ እስኪቀር በላች።