የራሁ ሰዓት

«ወገኖቼ፣ ጸጥታ!» አሉ የእድሩ ዳኛ አቶ ኃይለ መስቀል፣ ኮፍያቸውን አውልቀው ድንኳኑ መሐል ቆመው። ሙሾ የምታወርደው ሴት እንኳ ዝም አለች። «በእድራችን ወንበር ላይ ወደ ኋላ መደገፍ ክልክል ነው። ይሰበራል።»

ኮፍያቸውን መልሰው አደረጉ። ለቅሶው ካቆመበት ቀጠለ።

ብርቄ ፍራሹ ላይ ተቀምጣለች። ቅዳሜ ባሏን ተክሌን ከቀበረች ወዲህ «እግዜር ያጥናሽ» ላለ ሁሉ አንገቷን ስትነቀንቅ ማጅራቷ ዝሏል። ከሁሉ ያደከማት ግን ሹክሹክታው ነው።

«እነዚያን ጣዖቶች አብረው ቀበሯቸው ይሆን?» አለች ጎረቤቷ ዓለም፣ ብርቄ የማትሰማ መስሏት።

«በጌታ ስም!» አለ ባለሱቁ ሚልኬሳ። «እኔ ደጁን ረግጬ አላውቅም።»

«ማንስ ረግጦ ያውቃል?»

እውነት ነው፤ በደጅ የገባ የለም። ሚልኬሳ ሱቁን መቼ እንደሚከፍት፣ ዓለም የልጇን ሽማግሌዎች በስንት ሰዓት እንደምትቀበል፣ አቶ ኃይለ መስቀል ለዳኝነት መቼ እንደሚወዳደሩ ተክሌን የጠየቁት በጓሮ በር ገብተው ነው። አሁን አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ «እኔም እጠይቀው ነበር» ቢል፣ ባሏ ጠንቋይ ተብሎ አይቀርም ነበር።

ጠንቋይ አልነበረም። ሹፌር ነበር። ሲግናል ሰፈር ይኖሩ ለነበሩ ህንድ ባልና ሚስት ያሽከረክር ነበር። ሴትዮዋ በየቀኑ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል መኪና ውስጥ አትገባም። ለምን ቢላት ሁለት ምስል አሳየችው፤ አንዱ አካል የሌለው ራስ፣ አንዱ ራስ የሌለው አካል። ራሁና ኬቱ ይባላሉ፤ ሰማይ ላይ አይታዩም፣ ፀሐይንና ጨረቃን ግን ይውጣሉ። በራሁ ሰዓት መንገድ አይጀመርም፣ ውል አይፈረምም፣ ቤት አይሠራም፣ አይፈርስም። ሰዓቱ እንደ ዕለቱ ይለያያል፤ የሰኞው ጠዋት ነው፣ እስከ ሦስት ሰዓት። አገራቸው ሲገቡ ምስሎቹን ለተክሌ ትተውለት ሄዱ።

«አንተ ሰውዬ፣ የህንድ ጭንቅላት ታመልካለህ?» ብላው ነበር ብርቄ።

ተክሌ ሎሚ ገምሶ፣ ልጣጩን ገልብጦ፣ ዘይት እየሞላበት ነበር፤ ለራሁ የሚበራው እንዲያ ነው። «አላመልከውም። ቅር እንዳይለው ብዬ ነው።»

«ማርያምስ ቅር አይላትም?»

«እሷ ትችለኛለች» አለና ክብሪት ጫረ። እሑድ እሑድ እንጦጦ ወጥቶ የሚያስቀድሰውም እሱ ነው።

ሰኞ፣ በሠልስቱ፣ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ቁርስ ተበላ። ድንኳኑ ለሌላ ለቅሶ ይፈለጋል።

«በሉ፣ እናፍርስ» አሉ አቶ ኃይለ መስቀል። ሰዓታቸውን አዩ። ሁለት ሰዓት ከሩብ። የጫማቸውን ማሰሪያ ፈተው እንደገና ማሰር ጀመሩ።

«ገመዱ ጤዛ ይዞታል፣ ይድረቅ» አለ ሚልኬሳ።

«እውነትህን ነው፣ እርጥብ ሸራ ይሸታል» አለች ዓለም። ሸራው ደረቅ ነበር።

ስለ ኮንዶሚኒየም ዕጣ ተወራ። ያልወጣላቸው ሁሉ በየተራ አማረሩ፤ በየተራም እጅ ሰዓታቸውን ሰረቅ አድርገው አዩ። ገመድ የነካ የለም። ወሬውም አለቀ። ሦስት ሰዓት ሲሆን ሁሉም ወደ ብርቄ ተመለከቱ።

ብርቄ መሬቱን ተደግፋ ተነሣች። መቀነቷን አጠበቀች።

«አልፏል» አለች።

«ምኑ?» ያላት የለም። ሁሉም ባንዴ ብድግ አሉ። ብርቄ ቀድማ ደርሳ የመጀመሪያውን ቋጠሮ ፈታች፤ ገመዱን ግን አልለቀቀችም።