ማሙሽ ተብሎ አቶ አለ እንዴ

ብርቅነሽ የሰደበችኝ ቅዳሜ ኦክቶበር 13 ቀን 2007፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ፍሪስኮ ከተማ፣ የቀለሙ ሽታ ገና ባልለቀቀው አዲሱ ቤቷ ሳሎን ውስጥ። ሰዓቱን የማውቀው ከሶፋው ፊት ለፊት ትልቅ የግድግዳ ሰዓት ስለነበረ ነው። ሰው ሲሰድበኝ ዓይኔን የማሳርፍበት ነገር እፈልጋለሁ። ልጄ ሊዮል ልጇን ሔራንን እንዲያገባ ሽማግሌ ልከን፣ እሺ ተብለን፣ ሁለቱ ቤተሰብ እንዲተዋወቅ ምሳ የተጠራንበት ቀን ነበር። ከሽማግሌዎቻችን ትልቁ ዘርትሁን ተነሳና ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «የልጁ አባት አቶ ማሙሽ ክፍሉ እኚህ ናቸው» አለ። ብርቅነሽ የምግቡን ትሪ እንደያዘች ቆመች።

«ማሙሽ ተብሎ አቶ አለ እንዴ?» አለች። ይህ አልበቃትም። «እና ልጄ ሚስስ ማሙሽ ልትባል ነው?»

አሥራ አራት ሰው ሳቀ። ቆጥሬያለሁ። ዘርትሁን እንኳ ሳቀ፤ በእኔ ወገን የሄደ ሽማግሌ። የመንጋጋ ጥርሱን ያየሁት ያን ቀን ነው። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ከሁሉ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሴትዮዋ ስሜን በአፏ አንስታው አታውቅም። «የሊዮል አባት» ነው የምትለኝ። በሠርጉም «የሊዮል አባት፣ ወደዚህ ይቀመጡ»፣ ቸርች ስንገናኝም «የሊዮል አባት፣ እንደምን ሰነበቱ»። ሔራንም የእኔን ስም ሳትጨምር የአባቷን እንደያዘች አገባች። ይሁን አልኩ። ሁለተኛው ስድብ ግን ይሁን የሚባል አልነበረም።

ሁለተኛው የሆነው ማክሰኞ ጁን 9 ቀን 2009 ነው። ሔራን በዋዜማው ሴት ልጅ ወልዳለች። እኔ የጠዋት ሺፍቴን ዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ ጨርሼ፣ ዩኒፎርሜን እንኳ ሳልቀይር፣ ባጄን አንገቴ ላይ እንዳንጠለጠልኩ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሥራዬ መራመድ ያቃታቸውን መንገደኞች በዊልቸር እየገፋሁ ከበር ወደ በር ማድረስ ነው። ባለቤቴ አረጋሽ በሌሊት ተነስታ አጥሚት አፍልታ በፔርሙስ ሰጥታኛለች። ምክሯንም አብራ ሰጥታኛለች፤ «አጥሚቱን ስጥ፣ ልጅቷን ሳም፣ አፍህን ዝጋና ና።»

እዚያ ስደርስ ሔራን አልጋው ላይ ናት። ብርቅነሽ ሕፃኗን ታቅፋለች። ሊዮል መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ጉልበቱ ላይ ፎርም ዘርግቷል።

ሕፃኗን ተቀበልኩ። ግንባሯ የእናቴ ነው። «ሚጡዬ» አልኳት፤ ሌላ ምን ይባላል፣ የአንድ ቀን ልጅ።

ሦስቱም ተያዩና ፈገግ አሉ። ነገሩ አልገባኝም።

«አባዬ፣ የበርዝ ሰርተፊኬቱን ፎርም እየሞላሁ ነው» አለ ሊዮል። «የሐኪም ቤቱ ቢሮ ሴትዮ አሁን መጥታ ትወስደዋለች። ከሰዓት እንወጣለን።»

«ማን አላችኋት?»

«ሚጡ።»

«እሱማ ሚጡ ናት። ስሟን ነው።»

«ስሟ ነው አባዬ። ሚጡ።»

ሕፃኗን ለእናቷ መለስኩና መነጽሬን አድርጌ ፎርሙን አየሁት። ሊዮል ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ እዚህ አገር በእኔ ስም ነው የሚጠራው፤ ፓስፖርቱም፣ መንጃ ፈቃዱም ሊዮል ማሙሽ ይላል። ስለዚህ የቤተሰብ ስም በሚለው ሣጥን ውስጥ በዚያ ባማረ ጽሕፈቱ «ማሙሽ» ብሎ ጨርሷል። የቀረው የመጀመሪያው ሣጥን ብቻ ነው። ሚጡ ማሙሽ። አንዲት ሕፃንና አንድ ሕፃን፤ አንድም ትልቅ ሰው የሌለበት ስም።

«ማን ነው ያወጣው?» አልኩ።

«ማሚ ናት» አለች ሔራን።

ብርቅነሽ ብርድ ልብሱን ታስተካክላለች። «ምን አለበት፣ የሊዮል አባት? ሲጠሩት ደስ የሚል፣ አጭር፣ ለፈረንጅም አፍ የማይከብድ ስም ነው። ደግሞ እርስዎም ገና ሲያዩዋት ሚጡዬ ነው ያሏት።»

ይቺው ሴት፣ የእኔን ስም ሰምታ ትሪ እንደያዘች ሰው ያሳቀችብኝ ሴት፣ አሁን ለልጅ ልጄ ያንኑ ስም ቀሚስ አልብሳ ታመጣልኛለች። የእኔ ጊዜ መሳቂያ ነበር። የእሷ ጊዜ ቆንጆ ሆነ።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የእኔን ያወጣው መልአክ ያን ቀን ሥራ በዝቶበት ነበር። አባቴ ለመጀመሪያው ልጁ ወንድይፍራው ብሎ አወጣ፤ በሰባት ወሩ ሞተ። ለሁለተኛው ደምሰው አለ፤ ክርስትና በተነሳ በሳምንቱ ሞተ። እናቴ «ስማቸውን ሞት ሰማብኝ» አለች። እኔ ስወለድ ስም እንዳይወጣልኝ ከለከለች። ማሙሽ፣ ማሙሽ እያለች ስታሳድገኝ፣ ነገ ዛሬ ስትል፣ ትምህርት ቤት መመዝገቢያዬ ደረሰ። መዝጋቢው ሙሉ ስም ሲል ማሙሽ ክፍሉ አለችው፤ ጻፈ። ሞትን አታለለችው። የማታለሉን ዋጋ ግን የከፈልኩት እኔ ነኝ።

አስተማሪው ስም ሲጠራ «ማሙሽ ክፍሉ» ይልና ቀና ብሎ፣ «የቤት ስምህን ሳይሆን ስምህን ነው የምፈልገው» ይለኛል። ይኸው ነው ስሜ ስል በማስመሪያ ይለኛል፤ የቀለድኩበት መስሎት። ሰባተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ተውኩ። በስሜ ምክንያት ነው አልልም፤ ስሜም ግን አላገዘኝም። ዛሬ ሃምሳ አምስት ዓመቴ ነው፣ ፀጉሬ ነጭ ነው፣ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ዊልቸር ላይ ያስቀመጥኳቸው ያገሬ ሰዎች ዞር ብለው ባጄን ያነባሉ። ባለፈው አንዲት ወይዘሮ፣ «ማሙሽ፣ እናትህ እንዲህ ስትደክም ታውቃለች?» አለችኝ። እኔ እየገፋኋት ነው እንግዲህ።

ይህን ሁሉ አልነገርኳቸውም። ያልኩት ይህን ነው፤ «ሔራን ልጄ፣ ሚጡ ስም አይደለም። ስሟን የማያውቅ ሰው ሁሉ የሚጠራት መጥሪያ ነው። ሚጡ ጠጋ በይ፣ ሚጡ ተነሽ፣ ሚጡ ውሃ አምጪ። ለልጅ ሲሉት ያምራል፤ ልጅነት ግን ስንት ዓመት ነው? ስሙ ከእቅፍ ወርዶ ሰባ ዓመት ይሄዳል።»

«አባባ፣ አትቆጣ… ማለቴ፣ አይቆጡ» አለች ሔራን። እዚሁ ነው ያደገችው፤ አማርኛዋ ሲጨንቃት ይደናቀፋል። «እሱ ኢትዮጵያ ነው። እዚህ ማንም አያውቅም ሚጡ ምን እንደሆነ። ለነሱ ስም ነው፣ ጀስት ስም።»

«የሳቁብኝ አሥራ አራት ሰዎች የት ሆነው ነው የሳቁት? ፍሪስኮ አይደለም እንዴ?»

ሊዮል እስክሪብቶውን ያገላብጣል።

«እሱን እስካሁን ይዘውታል?» አለች ብርቅነሽ።

«ሰዓቱን ጭምር» አልኳት። «ዘጠኝ ተኩል ነበር።»

«ኧረ በጌታ። ጨዋታ እኮ ነው።»

«እንግዲያው ይህንንም በጨዋታ እንለፈው። ወረቀት ላይ አይጻፍ።»

ሔራን ልጇን እያየች፣ በዝግታ፣ «እኔን በሚድል ስኩል ሔሮይን ነበር የሚሉኝ» አለች። «ድራጉ። ኤቭሪ ዴይ። አስተማሪዋ ራሷ አንድ ቀን ተሳሳተች፣ ክላሱ ሁሉ ሳቀ። ሶ ለልጄ ማንም የማይሰብረው ስም ነው የፈለግኩት። ትንሽ። ምን ያደርጉታል፣ ሚጡን?»

ይህን አላውቅም ነበር። የተሳቀበት ሰው የተሳቀበትን ያውቃል፤ ቁጣዬ በረድ አለ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

«ትንሽ ስም ነው የሚሰበረው» አልኳት። «ትልቅ ስም ለመስበር ጉልበት ይፈልጋል። ሰብለወርቅ በያት።»

«ሰብለወርቅ?» አለች ብርቅነሽ። «አያቴን እኮ ነው የሚያወልዱን።»

«ኦ ማይ ጋድ፣ በጣም ሎንግ ነው አባባ። እኔ ራሴ አልችለውም።»

«አንቺ ነርስ አይደለሽም እንዴ? ያንን የክንድ ርዝመት ያለው የመድኃኒት ስም ሁሉ ሸምድደሽ የልጅሽ ስም ያቅትሻል?»

ሊዮል ሳቀ። ሔራንም ከንፈሯን ነክሳ ሳቀች። ከዚያ ሕፃኗን ወደ ፊቷ አቅርባ ሞከረችው። «ሰብ… ለወርቅ። ሰብለወርቅ።» ደገመችው። ወደ ባሏ ዞረች። «ሊ፣ ቆንጆ ነው አክቹዋሊ። ትልቅ ሰው ትመስላለች።»

«ቤት ውስጥ ሚጡ በሏት» አልኩ። «እኔም እላታለሁ። ወረቀቱ ላይ ግን ሰው አድርጓት።»

በሩ ተንኳኳና የቢሮዋ ሴትዮ አንገቷን አስገባች። ፎርሙ አልቋል ወይ አለች። ሊዮል አንድ ደቂቃ ብሎ ሚስቱን አየ። ሔራን ራሷን ነቀነቀች። ልጄ ጎንበስ ብሎ መጻፍ ጀመረ። የመጀመሪያዋን ፊደል፣ ኤስን፣ ሲጥላት አየሁ፤ በእስክሪብቶ ነው፣ አይጠፋም። በሕይወቴ ስንቴ ነው ያሸነፍኩት? ደረቴ ሞላ።

«አቶ ማሙሽ» አለች ብርቅነሽ።

ስሜን ስትጠራ ከዚያ ምሳ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ዞርኩ።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እኔም ዜግነት ወስጃለሁ፣ እርስዎም ወስደዋል። ፎርሙ ላይ፣ ስምዎን መቀየር ይፈልጋሉ ወይ የሚል አለ። ኢንተርቪው ላይም ይጠይቃሉ። ስምዎ እንዲህ ካንገበገበዎት ያኔ ለምን አልቀየሩትም?»

ሊዮል እስክሪብቶውን አነሳ። «እውነት አባዬ። አስቤው አላውቅም። ለምን አልቀየርከውም?»

ሔራንም ታየኛለች። በሩ ላይ የቆመችው ሴትዮ እንኳ የገባት ይመስል ትጠብቃለች።

ያ የሆነው በ2003 ነው። ስሙን መርጬ ጨርሼ ነበር፤ ዳምጠው ክፍሉ። አንድ ወር ሙሉ በእረፍት ሰዓቴ ፊርማውን ስለማመድ ነበር፤ ዳው ትልቅ፣ ጭራው እስከ መስመሩ መጨረሻ። ኢንተርቪው ሊደርስ አንድ እሑድ ሲቀረው ለእናቴ ልነግራት ደብረ ዘይት ደወልኩ። ስልኩን ስታነሳ ሃሎ አትልም ነበር፤ በዚያ ሰዓት ከእኔ በቀር የሚደውልላት ስለሌለ፣ ገና ድምፄን ሳትሰማ «ማሙሽዬ» ነው የምትለው። ሁለት ስም ቀብራለች። ዳምጠው የሚባል ሰው ቢደውልላት ምን ልትለው ነው? ስለ ጤናዋ፣ ስለ ዝናቡ ጠይቄያት ዘጋሁ። ማክሰኞ ዕለት ሰውዬው ስምህን ትቀይራለህ ወይ ሲለኝ «ኖ» አልኩት። ጠረጴዛው ላይ ትንሽ ባንዲራ ነበር፤ እሷን እያየሁ ነው ያልኩት። እናቴ በ2006 ሞተች። ከእሷ በኋላ ያ ስም በማንም አፍ እንደዚያ ሆኖ አያውቅም።

ይህን ለዚች ሴት ልንገራት? ብነግራት «ይኸውልዎ፣ ፍቅር ካለበት ሚጡም ስም ነው» ትላለች። እስክሪብቶው እጁ ላይ ነው፤ የተጻፈችው አንዲት ፊደል ናት፣ ሌላ ፎርም አስመጥቶ መቀየር አያዳግትም። ብዋሽስ? ጊዜ አጣሁ፣ ረሳሁት ብል፣ እናቴን ለሁለተኛ ጊዜ እንደመቅበር ነው። አሥራ አራት ሰው ባሳቀችብኝ ሴት ፊት እናቴን አውጥቼ አላቆማትም።

ብርቅነሽ ፈገግ ብላለች። ያሸነፈች መስሏት ነው። ይምሰላት።

አረጋሽ እንዳዘዘችኝ ፔርሙሱን ከሔራን ራስጌ አስቀመጥኩ። ከብርድ ልብሱ ሥር ወጥታ የነበረችውን የልጅቷን እግር ሳምኩ፣ ሸፈንኳት። ባጄን አስተካከልኩ።

«አባዬ?» አለ ሊዮል።

ለቢሮዋ ሴትዮ እንድታልፍ መንገድ ለቀቅኩላትና፣ በሩን ከኋላዬ በቀስታ ዘግቼ፣ ወደ ሊፍቱ ሄድኩ።