ባሏን መጠጥ የነፈገችው

የመካነ ሰላም ሰው በሽተኛ ሊጠይቅ ባዶ እጁን አይመጣም፤ ይህ ደግ ነው። ክፋቱ፣ ያመጣውን በሽተኛው ዓይኑ እያየ ካልጠጣለት የጠየቀ አይመስለውም።

የኔአለም ይህን የምታውቀው ተቃጥላ ነው። የባሏ የቢተው ኩላሊት ከደከመ ዓመት አልፎታል። ደሴ የሚያየው ሐኪም ነገሩን ፍርጥ አድርጎ ነግሯቸዋል። ሽንቱ ስለቀነሰ የጠጣው ሁሉ ገላው ውስጥ ይቀራል፤ ስለዚህ ሻዩም ሾርባውም ተደምሮ በቀን ከሁለት ትንንሽ የውሃ ጠርሙስ እንዳያልፍ። ጥቁር ለስላሳ ይቅርበት። የብርቱካን ጭማቂማ ጨርሶ አይነካም፤ ውስጡ ያለው ፖታሲየም ኩላሊቱ ሊያስወጣው ካልቻለ ልብ እስከ ማቆም ይደርሳል። ጥሙ ሲብስበት አፉን ተጉመጥምጦ ይትፋው።

ቢተው ግን ይሉኝታ የሚባል ሌላ በሽታ አለበት። በፋሲካ ሰሞን አንዱ ጠላ፣ አንዱ ለስላሳ፣ አንዱ ጭማቂ "በሞቴ" እያለ ሲያስጨልጠው ሰነበተ። እግሩ አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሮት፣ እሷው በሚኒባስ ደግፋ ደሴ አደረሰችው። አሥራ ሁለት ቀን አስተኙት። "ደግሞ እንዲህ ሆኖ ከመጣ መትረፉን እንጃ" ነበር ያላት ሐኪሙ።

ከሆስፒታል በተመለሰ በሦስተኛው ቀን፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ሀዘንና ቀብር የሚረዳዱበት የሰፈሩ ቅሬ ሰዎች መጡ። ፊት ፊት የቅሬው ዳኛ ጋሽ ምንይችል፣ ከኋላቸው እትዬ ብርሀንነሽ በጆግ ሙሉ የብርቱካን ጭማቂ ይዘው። ጎረቤታቸው ዘይነባ ብቻ ባዶ እጇን ናት፤ ምን ላምጣ ብላ ቀድማ ጠይቃ፣ ምንም እንዳታመጣ ተነግሯት ነበር።

"ለኩላሊት መድኃኒቱ ፈሳሽ ነው" አሉ እትዬ ብርሀንነሽ እየቀዱ። "የእኔ ልጅ ጠጠር ይዞት ጠጥቶ ጠጥቶ አይደል ያስወጣው? እንካ፣ ቢትዬ፣ በሞቴ!"

የእሳቸውን ልጅ የያዘው ጠጠር ነበር፤ ይሄኛውን ኩላሊቱ ራሱ ነው የከዳው። መጠየቅ ምን ይከብዳል? ቢተው እጁን ሲዘረጋ የኔአለም ብርጭቆውን ነጠቀች።

"አይጠጣም! ሐኪም ከልክሎታል።"

"አንቺ!" ጋሽ ምንይችል ከመቀመጫቸው ተነሡ። "ለታመመ ሰው መጠጥ ይነፈጋል? ነገ አገር ምን ይላል?"

ደሟ ፈላ። "አገሩ የፈለገውን ይበል! ሚኒባስ ውስጥ ሲያጣጥር የያዝኩት እኔ ነኝ። ያኔ አገሩ የት ነበር፣ ጋሼ?"

"እኛማ አለን። ቅሬው አለ።"

"ቅሬው የሚመጣው ለቀብር! እኔ የምፈልገው እንዲኖርልኝ ነው!"

"አብሽሪ፣ እህቴ፣ ሐቅሽን ነው" አለች ዘይነባ።

"ስጪኝ" አላት ቢተው።

የኔአለም ብርጭቆውን ሰጠችው። ምን ታድርግ፣ አፉን አትሰፋው። ቢተው ጭማቂውን ትክ ብሎ አየና ለእትዬ ብርሀንነሽ መልሶ ዘረጋላቸው።

"እትዬ፣ ጥሙንስ እችለዋለሁ። ያልቻልኩት እናንተን እምቢ ማለት ነው። ክፉ አስባችሁ እንዳልመጣችሁ አውቃለሁ፤ ግን ላላስቀይማችሁ ብዬ ልሞት ነው። አልጠጣም።"

እትዬ ብርሀንነሽ ፊታቸው ጠቆረ። ብርጭቆውን ተቀብለው ጭማቂውን ወደ ጆጉ መለሱ፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ደህና ዋሉ እንኳ ሳይሉ ወጡ።

ቢተው ሊጠራቸው አፉን ከፈተ። መልሶ ዘጋው።