ሁለት ጉብታ ያለው ወረፋ

የክረምቱ የሒሳብና የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ሲያልቅ እያንዳንዱ ቡድን ከክፍል ወጥቶ አንድ ነገር ይለካል፤ ውጤቱንም አዳራሽ ውስጥ ለወላጅና ለእንግዳ ያቀርባል። ይህን ያሰበው አስተባባሪያችን ነው። ፈቃድ የማስፈቀዱን ጣጣ ግን ለእኔ ጣለው፤ ከዩኒቨርሲቲ የወጣሁት አምና ስለሆነ እግሯ ገና አልደከመም ብሎ መሰለኝ።

ባንኩ እምቢ አለ። አውቶቡስ ጣቢያው "ደብዳቤ አምጪ" አለኝ፤ ሳመጣ ማኅተሙ ደብዝዟል ተባለ። ሌሎቹን ቡድኖች እንደምንም አንዱን ገበያ፣ አንዱን ቤተ መጻሕፍት አስገባኋቸው። ለመጨረሻው ቡድን የቀረችኝ አክስቴ ብቻ ነበረች።

አክስቴ የእናቴ ታላቅ ናት፤ ሁላችንም እቴቴ ነው የምንላት። የጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል መስኮት ላይ የተቀመጠችው እኔ ሳልወለድ ነው። ጡረታ ለመውጣት ትንሽ ቀርቷታል። አዲሱ ኃላፊ ከመጣ ወዲህ ግን እንቅልፍ የላትም፤ "ሕዝብ ካማረረብሽ ምድር ቤት፣ መዝገብ ክፍል ነው የማወርድሽ" ብሏታል። ምድር ቤት ማንም አይደርስም። እቴቴ ደግሞ ሰው ካላየች የበላችው አይፈጭላትም።

"የምትለኩት ምንድን ነው?" አለችኝ።

"ሰው ከበር ገብቶ ካርዱ እስኪወጣለት ስንት ደቂቃ እንደሚጠብቅ።"

"በይ አምጫቸው። ያ ሰውዬ ሥራዬን በቁጥር ይየው።" ኃላፊውን ያሳመነችውም እሷው ናት።

በመጀመሪያው ቀን ፀጉሯን ተሠርታ መጣች። መስኮቱ ጋ የደረሰውን ሁሉ "ጌታዬ"፣ "እመቤቴ" ትላለች። ሦስቱ ተማሪዎቼ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይጽፋሉ። አክስቴን ጎተት አድርጌ ወደ ጎን ወሰድኳት።

"እቴቴ፣ እባክሽ እንደ ወትሮሽ ሁኚ። እንዲህ ከሆንሽ ልኬቱ ዋጋ የለውም።"

"ወትሮዬ ይኸው ነው።"

"ትናንት ለፈቃዱ ስመጣ አንዱን ሽማግሌ 'ማንበብ አይችሉም ወይ' ስትያቸው ሰምቻለሁ።"

"እና አይችሉም ነበራ።"

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ቁጥሮች ጣልናቸው። የሚታይ ሰው እንደማይታይ ሰው እንደማይሠራ ለልጆቹ አስረዳኋቸው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉም ጻፉት። በሦስተኛው ቀን እቴቴ ረሳቻቸው። ማስቲካ የሚያላምጥ ጎረምሳን ማን ልብ ይለዋል።

ከቡድኑ አንዷን ዳኛዋ ነው የሚሏት። ጨዋታ ላይም፣ ፈተና ላይም፣ ምሳ ሰልፍ ላይም የተዛባ ነገር ካየች ሳትናገር አታልፍም። ጎበዝ ናት፤ ታደክማለች። በሳምንቱ መጨረሻ ስንት ሰው ስንት ደቂቃ እንደጠበቀ የሚያሳይ ግራፍ፣ ሂስቶግራም፣ ሥላ መጣች።

"ቲቸር፣ ይኼ ነገር ሁለት ጉብታ አለው።"

"ተሳስታችሁ ነው። እንደገና ሥሩት።"

"ሦስት ጊዜ ሠራነው።"

"አማካዩ ስንት ነው?"

"አርባ ደቂቃ።"

"በቃ፣ አርባ ብላችሁ ጻፉ።"

"አርባ ደቂቃ የጠበቀ ሰው ግን የለም።" ጣቷን በሁለቱ ጉብታዎች መሃል ባለው ባዶ ቦታ ላይ አሳረፈች። በግራ በኩል ገና ከመግባታቸው ካርድ የወጣላቸው ተከምረዋል፤ በቀኝ በኩል ከአንድ ሰዓት በላይ የተቀመጡት። አማካዩ ያረፈው ማንም በሌለበት ነው።

"አጭሮቹ የባሰባቸው ታማሚዎች ይሆናሉ" አልኳት።

"ድንገተኛ በሌላ በር ነው የሚገባው።"

ሳቂታው ጓደኛዋ ማስቲካውን ወደ ጉንጩ አዛወረ። "አጭሮቹ መስኮቱ ጋ ሲደርሱ 'ቤተሰብ እንዴት ነው' የሚባሉት ናቸው። እኔ ሁለተኛው ቀን ላይ ገብቶኛል። ያላወራሁት ስላልተጠየቅኩ ነው።"

እኔስ መች ጠፍቶኝ። እናቴ፣ ጎረቤቶቻችን፣ የጎረቤቶቻችን የሩቅ ዘመዶች፣ ማናችንም ጤና ጣቢያው ውስጥ ወረፋ ጠብቀን አናውቅም። ጥሩ አገልግሎት ያለው ጤና ጣቢያ ይመስለኝ ነበር ብል ግን ውሸት ነው። ማሰብ አልፈለግኩም እንጂ።

እቴቴ ከሥራ ስትወጣ በር ላይ ጠበቅኳት።

"ሰው አውቃለሁ" አለች፣ ወረቀቱን አየት አድርጋ መልሳልኝ። "ሰው ማወቅ ወንጀል ሆነ?"

"ሌላው ከአንድ ሰዓት በላይ ይቀመጣል፣ እቴቴ።"

"እና እናትሽ ከነጉልበቷ ትቀመጥልሽ?"

"ሌላውም ጉልበት አለው።"

"የሌላውን ጉልበት ሌላው ያስብለት። ስሚ፣ እነዚህን አጫጭሮቹን አውጫቸው። ባለፈው ምሳ ላይ ከሌላው የራቀ ቁጥር ስህተት ሊሆን ይችላል ያልሽን አንቺ አይደለሽም?"

"ስህተት መሆን አለመሆኑ ይጣራል ነው ያልኩት።"

"ይኸው አጣራሽ። ስህተት ነው።" ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። "እኔ ለአንቺ ብዬ በር ከፈትኩ። ምድር ቤት ብወርድ ያወረደኝ ያ ሰውዬ አይደለም፤ ይህን ብቻ እወቂ።"

በማግሥቱ ቡድኑን ሰብስቤ፣ ድምፄን እንደ አስተባባሪያችን አለስልሼ፣ ለወላጅ ቀላል እንዲሆን አማካዩን ብቻ ብታቀርቡስ አልኳቸው።

"ውሸት አይሆንም" አለች ዳኛዋ ቀስ ብላ። "ግን ማንንም አይገልጽም። እንዲህ ያሉን እርስዎ ነዎት።"

አንቱታዋ ይበልጥ አናደደኝ። "ቢያንስ የትኛው መስኮት እንደሆነ አትጥቀሱ።"

"ቲቸር፣ ያለው አንድ መስኮት ነው።"

ሳቂታው ሳቀ። ጥያቸው ወጣሁና ኮሪደሩ ላይ ቆሜ የማስታወቂያ ሰሌዳውን የማነብ መሰልኩ። ልጅቷ ልክ ናት፤ ልክ የሆነ ሰው የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሲሆን ደግሞ አይጣል ነው። ክረምቱን ሙሉ ቁጥር ፊት አይቶ አያዳላም እያልኩ ጮኼባቸዋለሁ። አሁን የአክስቴ ፊት ሲመጣ አድሉ ልላቸው ነው። ተመልሼ ገባሁ።

"እንዳለ አቅርቡት" አልኩ። "የስም ነገር ግን አይነሳ።"

ለእቴቴ ደውዬ አትምጪ አልኳት። "ተጋብዣለሁ" ብላ ዘጋችብኝ።

መጣች። ከፊት ተቀመጠች፤ ኃላፊው ከእሷ ሁለት ወንበር አልፎ። ማይክሮፎኑ እንደተለመደው አልሠራም፤ አስተባባሪያችን ይነካካዋል፣ ይጮኻል፣ ይጠፋል። ዳኛዋ ማይክሮፎኑን አስቀምጣ በራሷ ድምፅ ጀመረች። ግራፉ ግድግዳው ላይ ወጣ። ወረፋ የጠበቀ ሰው እንዲህ ያለ ግራፍ ለማንበብ አስተማሪ አያስፈልገውም። ከኋላ አንዲት እናት "እኔ በቀኝ በኩል ነኝ" አለች፤ ሌሎችም እኔም፣ እኔም አሉ።

ኃላፊው ተነሣና ኮቱን ቆለፈ። "ይህ ግልጽ የአሠራር ብልሹነት ነው። ተማሪዎቹን አመሰግናለሁ። ሰኞ በሚመለከተው ሠራተኛ ላይ እርምጃ እወስዳለሁ።" የሚመለከተውን ሠራተኛ እያየ ነበር።

እጄን ላወጣ ስል እቴቴ ቀድማኝ ቆመች።

"የሚመለከተው እኔን ነው" አለች ለአዳራሹ። "ሰው አስቀድሜያለሁ። ጎረቤቴን፣ ዘመዴን፣ የዘመዴን ዘመድ።" ከዚያ ወደ ኃላፊው ዞረች። "አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። ሐሙስ ዕለት ከዘበኛው ጋር የላኩልኝ አማትዎ በየትኛው ጉብታ ናቸው?"

ሳቁ ከኋላ ተነሥቶ ወደ ፊት መጣ። ኃላፊው የቆለፈውን ኮት ፈትቶ ተቀመጠ።

ዳኛዋ አልሳቀችም። ግራፉን አየች። "በግራ በኩል መሆን አለባቸው" አለች። "ግን ማን ማንን እንደላከ አልመዘገብንም። ከተፈቀደልን በሚቀጥለው ሳምንት መጥተን እንመዘግባለን።"

አልተፈቀደም። ሰኞ ግን እርምጃ የተባለው ነገር መጣ፤ በር ላይ ቁጥር የሚያድል ሰው ቆመ፣ ካርድም በቁጥር ብቻ ሆነ። እቴቴ እዚያው መስኮቷ ላይ ናት። ኃላፊው ምድር ቤቱን ዳግም አላነሣባትም፤ ምን እንደምትናገር ሳይፈራ አልቀረም። ሁለት ሳምንት አኩርፋኝ ቆየችና እናቴ ቤት ስንገናኝ ሳህኔ ላይ ምግብ ጨመረችልኝ። ይቅር ማለቷ ነው ብዬ ነበር።

ለካ የሚደውልላትን ዘመድ ሁሉ "ወረፋውን አሁን የያዘችው የእህቴ ልጅ ናት" እያለች ስልኬን ትሰጣለች። ክፍል ውስጥ ሆኜ፣ አውቶቡስ ላይ ሆኜ ይጠራል። ዛሬ ጠዋት የደወለው፣ በየት በኩል እንደሚዛመደን የማላውቀው አንድ አጎት ነው። ጠዋት መጥቶ ቁጥር መያዝ እንዳለበት፣ ከዚያ ወዲያ እኔም እቴቴም ኃላፊውም ምንም ማድረግ እንደማንችል ሁለት ጊዜ አስረዳሁት። በትዕግሥት አዳመጠኝ።

"ታዲያ" አለኝ ስጨርስ፣ "አንቺን ያስተማርንሽ ለምን ሆነና ነው?"