ባለክዳን ሲኒ

«ክዳኑ ዝም ብሎ አይደለም፤ መስተፋቅር ነው የምታፍንበት!»

ይህን የሚለው አካሉ ነው፤ የዘጌ ጀልባ ተራ አስከባሪ። ጠዋት ለተሳፋሪ፣ ከሰዓት ለዓሣ ሻጮች፣ ሰሚ ሲያጣ ለሐይቁ ወፎች ይናገራል። የሚያማው እኔን፣ ፀደንያን ነው። ሐይቁ ዳር ባለው የእትዬ የሺመቤት ሻይ ቤት ስሠራ፣ ሻይ የማዘጋጅበት አንድ ነጭ ባለክዳን ጎድጓዳ ዕቃ ስላለኝ ብቻ!

ዕቃውን የገዛሁት የቻይኖቹ የመንገድ ሥራ ካምፕ ሲነሣ ነው፤ ለስኳር ብዬ። ጋይዋን እንደሚባል፣ ቅጠሉ እዚያው ውስጥ ተዘፍዝፎ በክዳኑ እየተገደበ እንደሚቀዳ ከስልኬ ቪዲዮ ተማርሁ። ቋንቋቸው አይገባኝም፤ እጃቸውን ነው ያየሁት። አስተማሪ የለኝም፤ ቢኖረኝ እሱን ሳርም ዕድሜዬ ያልቅ ነበር።

ቪዲዮው ላይ ሁሉም ውሃውን ካፈሉ በኋላ ትንሽ ያበርዱታል። እኔም ሳበርድ ሻዬ የሣር እጣቢ ሆነብኝ። ኋላ ነቃሁ፦ እኛ ከፍታ ላይ ነን፤ ባሕር ዳር ውሃ የሚፈላው መቶ ዲግሪ ሳይደርስ ነው። አገሩ ራሱ አብርዶልናል! እየተንተከተከ ገለበጥሁበት። ቅጠሉ ተፍታታ፣ ሽታው ቤቱን ሞላው፤ ብቻዬን እልል አልሁ።

«እልልታ አይሸጥም» አሉኝ እትዬ የሺመቤት። «ዛሬ ከሰዓት ሞክሪ። ሰው ጠጥቶ ‹ድገሚኝ› ካለ የሐይቁ ዳር ጠረጴዛ ያንቺ ነው፤ ሰሌዳም እሰቅልልሻለሁ። ካላለ ዕቃሽ ውስጥ ስኳሬን አደርግበታለሁ።»

ያን ቀን ጀልባው ዘገየ። አካሉ ይባረክና፣ ተሳፋሪው ሁሉ መስተፋቅሩን ሊያይ እየተጋፋ ገባ። ከፊት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛዋ ሰብለ ወንጌል ተቀመጠች፤ ጥጉ ላይ ወደ ዘጌ የሚመለሱት መሪጌታ ቃለ ሕይወት።

«ባሌ ኳስ ሲያይ አይሰማኝም» አለች ሰብለ ወንጌል። «ጠንከር አድርጊልኝ።»

«ለኳስ መድኃኒት የለውም፣ እቴ።»

የፈላውን ውሃ ቅጠሉ ላይ ገልብጬ የዕቃውን ጠርዝ በሁለት ጣቴ ያዝሁ፣ ክዳኑን በሌላው ተጫንሁና ጠባብ ክፍተት ትቼ ወደ ሲኒዎቹ አዘነበልሁ። ጣቴ ነደደ። ብለቀው ዕቃውም ሄደ፣ ጠረጴዛውም ሄደ። አልለቀቅሁም።

ሰብለ ወንጌል ቀመሰች። «ስኳሩስ?»

«የለውም።»

ፊቷ ተጨማደደ። «ይኼማ መስተፋቅር አይደለም፤ መስተጻልእ ነው! ከባሌ ልታፋቺኝ ነው!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እትዬ የሺመቤት የስኳሩን ከረጢት ብድግ ሲያደርጉ አየሁ።

«ቆይ!» አልሁ፤ እዚያው ቅጠል ላይ እንደገና የፈላ ውሃ ጨመርሁ። ቡና የለመደ ሰው ሁለተኛው ይቀጥናል ብሎ ይጠብቃል፤ ይኼ ግን ምሬቱን ጥሎ ጣፈጠ። ሰብለ ወንጌል ጠጣች፣ ከንፈሯን ላሰች። ሲኒዋን ዘረጋች።

«ድገሚኝ።»

«ለእኔም!» «ኧረ ወዲህም!» መሪጌታ ሳይቀሩ እጃቸውን አነሡ፦ «ቅጂ ልጄ፤ በዚህ ዕድሜዬ ብወደድም አልጎዳም።»

ጀልባው ጥሩምባውን ነፋ፤ የሚነሣ ጠፋ። አካሉ እየተሳደበ ገባ።

«አንቺ፣ ምን አድርገሻቸው ነው?»

«ከድኜባቸው ነዋ! እንካ፣ ያንተም ይኸውልህ።»

ጠጣ። ሲኒውን ሲመልስ ዓይኔን ሸሸኝ፤ ቀስ ብሎም «አንድ ጊዜ ብቻ ጨምሪ» አለ። ልቤ በደስታ ሊወጣ ደረሰ!

እትዬ የሺመቤት ሰሌዳና ቀለም ይዘው መጡ። «በይ፣ ምን ትጽፊያለሽ?»

«የቻይና ሻይ!»

«ወግጂ! የቻይና ጃንጥላዬ ገና ከበሩ ሳልወጣ ነው የተገነጠለው። ‹የቻይና› የሚል ሰሌዳዬ ላይ አላይም።»

«እውነተኛ ስሙ እኮ ነው፣ እትዬ!»

«እውነቱን ቤትሽ ጻፊው።»

ለጠረጴዛዬ ስል ዋጥሁት። «ባለክዳን ሲኒ» ብዬ በትልቁ ጻፍሁ። «እንዲህ ነው የአገር ስም!» ብለው ቀለሙ ሲደርቅ በገዛ እጃቸው ሰቀሉት።

መጨረሻ የወጡት መሪጌታ ናቸው። ሰሌዳውን ቀና ብለው አዩና ሳቁ።

«ልጄ፣ ዐረቦች ቻይናን ‹ሲን› ነው የሚሏት። ሲኒ የሚለውንም ከእነሱ ነው የወሰድነው፤ ‹የቻይና› ማለት ነው» አሉኝና ወደ ጀልባው ወረዱ።