ጓድ በላቸው ያረጋገጠው ምድር

በ1978 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ደሴ ውስጥ ከአንድ መሥሪያ ቤት ጓዳ ካርታ ነዳፊው እንድሪስ አገሩን በካርቶን ይሠራ ነበር። ያዘዘው አለቃው ጓድ በላቸው ነው። ከአዲስ አበባ ለሚመጣው ተቆጣጣሪ የመንደር ምሥረታው ቦታ ከወረቀት ላይ ተነሥቶ፣ ቁልጭ ብሎ እንዲታየው ፈልጓል።

ሥራው ትዕግሥት ይፈጃል። ካርታው ላይ እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያያይዘውን እያንዳንዱን መስመር በሳሙና ካርቶን ላይ ገልብጦ መቁረጥ፣ አንዱን በሌላው ላይ በኮላ መደራረብ፣ ደረጃውን በጋዜጣ ቡኮ መሙላት ነው። በሦስተኛው ሳምንት የጦሳ ተራራ ከጠረጴዛው ላይ ብድግ አለ፤ የቦርከና ወንዝም ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁል ወረደ። እንድሪስ ክው ያለው ያኔ ነው። ከኮምቦልቻ በላይ ጋራው ላይ ያሉት ገበሬዎች፣ የገዛ እናቱ ጣይባ ጭምር፣ ተነሥተው የሚሰፍሩበት ሜዳ የተባለው ቦታ ዙሪያውን የታጠረ ጎድጓዳ ሳህን ሆኖ ተገኘ።

«ጓድ፣ እዚህ ክረምት ውሃ ይተኛበታል» አለ።

«አንተ ቁረጥ፣ ለጥፍ። ቦታውን የመረጥኩት እኔ ነኝ» አለው በላቸው።

እንድሪስ አልተከራከረም። በዚያ ዘመን ከአለቃ ተከራክሮ እቤቱ ያደረ ሰው ጥቂት ነው። ይልቅ ሞዴሉን ሦስት ጊዜ በዘይት ቀለም ለቀለቀው፤ ጠብታ ውሃ አያሰርግም።

«ምነው ቀለሙን አበዛኸው?»

«እንዲያብረቀርቅ ነው፣ ጓድ።»

በላቸው የሚያብረቀርቅ ነገር ነፍሱ ነው። ደስ ብሎት ከክብሪት ቀፎ የተሠሩትን የአዲሱን መንደር ቤቶች በገዛ እጁ ሳህኑ ውስጥ ደረደረ። እንድሪስም እሑድ እናቱ ዘንድ ወርዶ አንድ ነገር ሹክ አላት።

ተቆጣጣሪው የመጣ ዕለት ሞዴሉን ዞሮ ዞሮ አየ። የገበሬ ማኅበሩ ተወካዮች በሩ አጠገብ ቆመዋል፤ ጣይባም ለሶላት የምትታጠብበትን የውዱ ማንቆርቆሪያዋን ውሃ ሞልታ እንደያዘች ከመካከላቸው አለች።

«እውነተኛው መሬት ልክ እንዲህ ነው?» አለ ተቆጣጣሪው።

«አንዲት ሜትር አልተዛነፈችም! እኔ ራሴ አረጋግጫለሁ» አለ በላቸው ደረቱን ነፍቶ።

ጣይባ ጠጋ አለች። «ማሻአላህ! እንግዲያ የኛ ጋራ ይሄ ነዋ። ዝናቡ የሚጥልብን ደግሞ እንዲህ ነው፣ የኔ ጌታ» ብላ ማንቆርቆሪያውን ጋራው አናት ላይ ደፋችው።

ውሃው በየሸለቆው ተንደረደረና ሳህኑ ውስጥ ገብቶ ተኛ። የክብሪት ቀፎዎቹ ተነሥተው መንሳፈፍ ጀመሩ፤ ትምህርት ቤቱ ከክሊኒኩ ጋር ተላተመ። እንድሪስ ፈርቷል፤ ሳቁ ግን ከፍርሃቱ ቀድሞ ሊያመልጠው ሆነ፤ ከንፈሩን ነከሰ።

በላቸው ሞዴሉ ተሳስቷል እንዳይል ገና ከአፍታ በፊት ምሎለታል።

«ጓድ በላቸው፣ መጀመሪያ ዋና ልታስተምራቸው ነው?» አለ ተቆጣጣሪው። ቦታውን ከዝርዝሩ ሰርዞ ወደ መኪናው ሄደ።

ሰው ሲወጣ በላቸው ሞዴሉ ላይ አጎንብሶ የተንሳፈፉትን ቀፎዎች ለቃቀመ። እንድሪስ እስር ቤቱን እያሰበ ጠበቀ።

«እንድሪስ።»

«አቤት፣ ጓድ።»

«ከሥሩ ቀዳዳ ብሳለት። ሌላ ጊዜ ውሃው ይውረድበት።»

ጣይባ ገና ከበሩ አልራቀችም ነበርና ዞር አለች።

«እዚያ ታች ሜዳው ላይም ቀዳዳ ይብሱልንና፣ የኔ ጌታ፣ ያኔ እንመጣለን።»