የእሁድ አራት ሰዓት መስመር

ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ማዞሪያ ነው የሚላቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት በስልክ ማዞሪያ ክፍል ተቀምጠው፣ ገመድ ከዚህ ነቅለው እዚያ እየሰኩ የሰውን ድምፅ ከሰው ጆሮ ሲያገናኙ ኖረው፣ ጡረታ በወጡ በአራተኛው ዓመት የራሳቸው ጆሮ ከዳቸው። ሰው ሲያዝንላቸው «ጆሮዬን ለመሥሪያ ቤቱ አስረክቤ ነው የወጣሁት» ይላሉ። ሲታዘንላቸው አይወዱም፤ የሚያዝንላቸውን ሰውማ ጨርሶ አይወዱም።

ከሥራው ሁለት ነገር ቀርቷቸዋል። አንዱ ደንብ ነው። ሁለት ሰው ካገናኙ በኋላ «ይሰማል?» ብሎ መጠየቅ፣ ሁለቱም ወገን «ይሰማል» ሳይሉ «ይቀጥሉ» አለማለት። ይህን ደንብ አንድ ቀን እንኳ አልሻሩም። ሌላው ማንም ያላስተማራቸው እውቀት ነው። ሰው በስልክ የሚያወራው በተራ ነው ይላሉ፤ መጀመሪያ ሰላምታ፣ ቀጥሎ ጤና፣ ቀጥሎ የአየሩ ነገር፣ ቀጥሎ የዘመድ ወሬ። የደወለበት ዋና ጉዳይ የሚወጣው «በል እንግዲህ ደህና ሁን» ከተባለ በኋላ ነው።

አንድ ልጅ አለቻቸው። ነርስ ናት፤ የሁለት ቀን መንገድ ርቃ ከተመደበች ስድስት ዓመት ሆናት፤ የምትመጣው በዓመት አንዴ ነው። ጆሯቸው የከዳቸው ሰሞን መደወሉን ትታ ትጽፍላቸው ነበር። «ደህና ነኝ እማዬ» ይላል ጽሑፉ። ጉንፋን ይዟት ይሁን፣ አልቅሳ ይሁን፣ እየሳቀች ይሁን ከፊደሉ አይታወቅም። ያን የጽሑፍ ዓመት ዛሬም ማስታወስ አይፈልጉም። በኋላ ልጅቷ ሁለት ትንንሽ መስሚያ ገዛችላቸው፤ ጆሮ ውስጥ ገብቶ፣ ያለ ገመድ፣ በብሉቱዝ ከሞባይል ጋር የሚገናኝ ዓይነት። የመጀመሪያው ጥሪ ዕለት የልጃቸው ድምፅ ጭንቅላታቸው መሀል ገብቶ ሲያወራ ወንበር ላይ ዘፍ ብለው አለቀሱ።

ከዚያ ወዲህ እሁድ ጠዋት አራት ሰዓት አይነኬ ነው። ልጅቷ እንደ ሕፃንነቷ ድምፅዋን አቅጥና፣ «ሃሎ፣ ማዞሪያ? እናቴን ያገናኙኝ» ትላለች። እሳቸውም «መስመሩ ተይዟል፣ ይጠብቁ!» ይላሉ። ይሳሳቃሉ። ቀልዱ አርጅቷል፤ ግን ያለሱ ጥሪው አይጀመርም።

አንድ ቅዳሜ ሞባይሉ «አዲስ ማሻሻያ አለ፣ ይጫን?» ብሎ ጠየቀ። እትዬ ማዞሪያ ከበላይ የመጣ ትእዛዝ ጥሰው አያውቁም፤ «እሺ» የሚለውን ተጫኑ። ሞባይሉ ጠፋ፣ ግማሽ ሰዓት አሰበና በራ። መልኩ አምሯል። መስሚያውን ግን አላውቅህም አለ።

በማግስቱ አራት ሰዓት ላይ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ሲንቀጠቀጥ አንስተው ወደ ጆሯቸው አስጠጉት፤ መስሚያው አፏጨ። ድምፁን ወደ ስፒከር አዙረው መልሰው አስቀመጡት። ከግድግዳ ወዲያ ሰው እንደሚያወራ ዓይነት ጉርምርምታ ነው የሚሰማው። ልጃቸው መሆኗ ይታወቃል፤ የምትለው አይለይም።

አይሰማኝም ልጄ ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ያኔ የጽሑፉ ዓመት ትዝ አላቸው። አልሰማም ካሉ ልጅቷ መደወሉን ልትተው ነው፣ «ደህና ነኝ እማዬ» ተመልሶ ሊመጣ ነው። ቃሉ ባይለይም ጉርምርምታው የሷ ነው፤ ከምንም ይሻላል።

«መስመሩ ተይዟል፣ ይጠብቁ!» አሉ።

ጉርምርምታው ከፍ ዝቅ አለ። ሳቀች ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ድምፁ ባቆመ ቁጥር ተራውን እየጠበቁ መለሱ። «ደህና ነኝ፣ ተመስገን።» «እዚህም ብርዱ አላስቀምጥ ብሎናል።» «ሁሉም ሰላም ብለውሻል።» መጨረሻ ላይ እንደ ሁልጊዜው፣ «አይዞሽ፣ ሥራሽን ጠንክረሽ ያዢ፤ እኔ የጎደለኝ ነገር የለም።» ሃያ ደቂቃ ሞላ። ዘግተው ላባቸውን ጠረጉ። እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽ ኮሩም።

ሰኞ ሱቁ ሳይከፈት ዶክተር ደጃፍ ደረሱ። ዶክተር ሞባይል ጠጋኝ ነው፤ ስሙን ያገኘው ነጭ ጋዋን ለብሶ ስለሚሠራና የማይድነውንም ይድናል ስለሚል ነው። መስሚያውን አጠፋ፣ አበራ፣ ከሞባይሉ ዝርዝር ሰርዞ እንደ አዲስ አስገባ። ወይ ፍንክች። ፊት ለፊት ሲያወራቸው በመስሚያው ደህና ይሰሙታል፤ ያጡት የስልኩን ድምፅ ብቻ ነው።

«እትዬ፣ ጥፋቱ የእርስዎም የኔም አይደለም። ሞባይሉ ታድሷል፣ የመስሚያው ፕሮግራም ገና የድሮው ነው። አምራቾቹ ማስተካከያ እስኪልኩ መጠበቅ ነው።»

«መቼ ይልካሉ?»

«ዛሬም ሊሆን ይችላል፣ የዛሬ ወርም ሊሆን ይችላል።»

«ይኼንንማ እኔም ጋዋን ሳልለብስ እናገረው ነበር።»

«እስከዚያው ከልጅዎ ጋር በጽሑፍ…»

«ጽሑፍ አትበለኝ!» ብለውት ወጡ።

ሁለተኛው እሁድም በተራ አለፈ። ናፍቆቱ ግን ባሰ። ልጃቸው ዓመት ሙሉ ሳትመጣ የሚችሉት ሴትዮ፣ በየሳምንቱ እየደወለች መቻል አቃታቸው። ድምፁ ጠረጴዛው ላይ አለ፣ እጃቸውን ቢዘረጉ ይነኩታል፣ ልጃቸው ግን እዚያ ውስጥ የለችም። ከጥሪው በኋላ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ረጅም ሰዓት ተቀመጡ።

ሦስተኛው እሁድ ጉርምርምታው ቶሎ አልጀመረም። ትንሽ ዝም አለ፤ ከዚያ በዝግታ መጣና ቆመ።

«መስመሩ ተይዟል፣ ይጠብቁ!» አሉ እየሳቁ።

ዝምታ ሆነ። ከዚያ አጠር ያለ ጉርምርምታ።

«ደህና ነኝ፣ ተመስገን።»

ዝምታው ሲረዝምባቸው ተራው የተምታታባቸው መሰላቸው። ለማንኛውም ብለው የመጨረሻዋን አመጡ፤ «አይዞሽ፣ ሥራሽን ጠንክረሽ ያዢ፤ እኔ የጎደለኝ ነገር የለም።» ስልኩን ሲያዩት ተዘግቷል። ሁለት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ይላል። በስድስት ዓመት እንዲህ ያጠረ ጥሪ ኖሮ አያውቅም። እስከ ምሳ ጠበቁ፤ አልደወለችም። ቢጨንቃቸው ያን የሚጠሉትን ጽሑፍ ጻፉ፤ «ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ እማዬ» የሚል መጣ። አገላብጠው አዩት። ከፊደሉ ምንም አይታወቅም።

ረቡዕ ከሰዓት ዶክተር ራሱ ጋዋኑን እንደለበሰ ቤታቸው ድረስ መጣ። «እትዬ፣ ማስተካከያው መጣ!» እዚያው ሳሎን ቁጭ ብሎ ጫነው፤ መስሚያው ጆሯቸው ውስጥ ጢን አለ። ዶክተር መንገድ ወጥቶ በራሱ ስልክ ደወለና «ይሰማል?» አላቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው የጠየቁት ቃል ነው፤ አሁን ለራሳቸው መጣ። «ይሰማል» አሉት። መርቀው ሸኙትና እሁድን ሳይጠብቁ ደወሉ።

«ሃሎ» አለች ልጅቷ።

ድምፁ ጭንቅላታቸው መሀል ገባ። አንዲት ቃል በቃቸው። ጉንፋን አይደለም፤ አልቅሳለች።

«ምን ሆንሽብኝ የኔ እናት?»

«ምንም። ትናንት መልስ ሰጠኋቸው። አልሄድም አልኩ።»

«የት ነው የማትሄጅው?»

«እማዬ! ዝውውሩን ነዋ። እናንተ ጋ ያለው ሆስፒታል ክፍት ቦታ አለው፣ እስከ ማክሰኞ ወስኚ ብለውኛል፣ ልምጣ ወይ ብዬ ጠየቅኩሽ። ሳቅሽ። መስመሩ ተይዟል አልሽኝ። የምሬን ነው ስልሽ ደህና ነኝ አልሽ። ከዚያ ሥራሽን ያዢ፣ የጎደለኝ የለም…» ድምፅዋ ተቆረጠ። «የምናፍቅሽ መስሎኝ ነበር።»

የሥራ ዘመናቸውን ሙሉ ደንበኛ ሲቆጣ «መስመሩ ነው ጌታዬ» ሲሉ ኖረዋል። አሁንም ሊሉት ይችሉ ነበር፤ ምላሳቸው ላይ መጥቷል። መልሰው ዋጡት።

«አልሰማሁሽም» አሉ። «ሦስት እሁድ ሙሉ አንዲት ቃል አልሰማሁም። ሞባይሉን ያደስኩ ዕለት መስሚያው ከስልኩ ጋር ተለያየብኝ። ብነግርሽ መጻፍ ትጀምሪያለሽ ብዬ ፈራሁ። ሳላረጋግጥ አስቀጠልኩ፣ ልጄ። በሰው መስመር ያላደረግሁትን በራሴ መስመር አደረግሁት።»

እስትንፋስዋ ሳይቀር ይሰማቸዋል።

«ታዲያ ያን ሁሉ እንዴት ትመልሽልኝ ነበር?»

«በተራ ነዋ።»

ልጅቷ ሳቀች፣ ወዲያው ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረ። «ቦታው እኮ ለሌላ ሰው ተሰጠ፣ እማዬ። ሌላ መቼ እንደሚከፈት አይታወቅም።»

«ገባኝ። አንቺ ግን እንደገና ጠይቂኝ።»

«ምን ያደርጋል አሁን?»

«ጠይቂኝ። ቆይ፣ መጀመሪያ፤ ይሰማል?»

ልጅቷ አፍንጫዋን ሳበች። «ይሰማል።»

«እዚህም ይሰማል። ይቀጥሉ።»

«እማዬ፣ ልምጣ ወይ?»

«ነይ» አሉ እትዬ ማዞሪያ። «ነይልኝ ልጄ። ቤቱ ያለ አንቺ ቤት አልሆን ብሎኛል።»

ከዚያ በኋላ ነው ስለ ጤናና ስለ ብርዱ ያወሩት።